ናይትሮ የገባበትን ፕሮቲን የሚለዩ አንቲቦዲዎች፦ ዳሰሳ

ናይትሮታይሮሲን የሚባለው፣ ታይሮሲን የተሰኘው አሚኖ አሲድ በቀለበቱ ሦስተኛ ካርቦን ላይ፣ ማለትም ከሃይድሮክሲሉ አጠገብ፣ የናይትሮ ቡድን ሲገባበት የሚፈጠረው ቅርጽ ነው። በክብደት ረገድ ለውጡ ኢምንት ነው፤ ፕሮቲኑ የሚጨምረው 45 ዳልተን ያህል ብቻ ነው። በጠባይ ረገድ ግን ቀላል አይደለም። የታይሮሲን ሃይድሮክሲል በተለመደው ሁኔታ ፕሮቶኑን የሚለቀው ፒኤች ወደ 10 ሲጠጋ ሲሆን፣ ናይትሮ ከገባበት በኋላ ይህ ነጥብ ወደ 7.5 አካባቢ ይወርዳል። በሰውነት ውስጥ ባለው ፒኤች እንግዲህ ከእነዚህ ታይሮሲኖች ግማሽ የሚያህሉት አሉታዊ ቻርጅ ይዘው ይገኛሉ። ታይሮሲኑ ያለው በኢንዛይም የሥራ ቦታ ላይ ከሆነ ኢንዛይሙ ሥራውን ሊያቆም ይችላል፤ ፎስፌት የሚቀበል ታይሮሲን ከሆነ ደግሞ በህዋሱ ውስጥ ያለው የመልእክት ቅብብል ሊታወክ ይችላል። ይህን ለውጥ በህዋስ፣ በደምና በህብረ ህዋስ ውስጥ ለመፈለግ ተመራማሪዎች አዘውትረው የሚይዙት መሣሪያ ናይትሮታይሮሲንን ለይቶ የሚጨብጥ ፀረ እንግዳ አካል፣ በቤተ ሙከራ አጠራር አንቲቦዲ፣ ነው። ዋጋው ከትልልቅ መሣሪያዎች ይረክሳል፣ ውጤቱም በአንድ ሁለት ቀን ይደርሳል። የማሳሳት ዐቅሙም የዚያኑ ያህል ነው።

ናይትሮው ከየት ይመጣል? ዋናው መነሻ ናይትሪክ ኦክሳይድ ነው፤ የደም ቧንቧን የሚያላላው፣ ነርቮች ለመልእክት፣ ማክሮፌጆች የተባሉት ህዋሳት ደግሞ ለመከላከያ የሚያመነጩት ጋዝ። ይህ ጋዝ ሱፐርኦክሳይድ ከተባለው የኦክስጅን ራዲካል ጋር ሲገናኝ በሚያስደንቅ ፍጥነት ይዋሃዳል። ሱፐርኦክሳይድን የማስወገድ ሥራ የተሰጠው ኢንዛይም ሱፐርኦክሳይድ ዲስሙቴዝ እንኳ ይህን ፍጥነት አይቀድመውም። ከውህደቱ የሚወለደው ፐርኦክሲናይትራይት ነው። በአላባማ ዩኒቨርሲቲ በርሚንግሃም የነበሩት ጆሴፍ ቤክማንና ባልደረቦቻቸው ይህ ኬሚካል በሰውነት ውስጥ ሊፈጠርና ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል ያቀረቡት በ1990 ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፐርኦክሲናይትራይት በብዛት የሚጋጠመው ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ነው፤ ከዚያም ሁለት ራዲካሎች ይፈልቃሉ። አንደኛው ከታይሮሲን ላይ ኤሌክትሮን ይነጥቃል፣ ሁለተኛው፣ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ፣ ክፍት የሆነውን ቦታ ይይዛል።

መንገዱ ግን ይህ ብቻ አይደለም። ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ህዋሳት የያዙት ማየሎፐርኦክሲዴዝ የተባለ ኢንዛይም፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድንና ናይትራይትን ተጠቅሞ ያንኑ ናይትሮታይሮሲን ይሠራል። ለዚህ ነው በአንድ የሳንባ ቁራጭ ላይ የናይትሮታይሮሲን ቀለም ስለታየ ብቻ «ፐርኦክሲናይትራይት ተገኘ» ብሎ መጻፍ ስህተት የሚሆነው። በ1990ዎቹ የወጡ ብዙ ጽሑፎች ይህን ዝላይ ዘልለዋል። አንቲቦዲው የሚመሰክረው ናይትሮው ስለ መግባቱ እንጂ በማን እጅ ስለ መግባቱ አይደለም።

ሌላው መታወቅ ያለበት ነገር ብዛቱ ነው፤ ወይም ማነሱ። በ2003 በወጣ አንድ የታወቀ ጥናት፣ ሞለኪውሎችን በክብደታቸው በሚለየው ማስ ስፔክትሮሜትሪ የተለካው የደም ፕሮቲን ናይትሮታይሮሲን የልብ ደም ቧንቧ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ በመካከለኛ ግምት ከአንድ ሚሊዮን ታይሮሲን 9 ያህል ሲሆን፣ ሕመሙ በሌለባቸው ላይ 5 ያህል ነበር። ከአንድ ኪሎ ጤፍ ውስጥ አሥራ አምስት ፍሬ እንደ መልቀም ማለት ነው። ልዩነቱ እውነተኛ ነው፣ ለሕክምናም ትርጉም አለው፤ ነገር ግን በሽተኛውን ከጤነኛው የሚለየው ቁጥር ከሚሊዮን በጣት የሚቆጠር መሆኑን ልብ ይሏል። እብጠት ባየለበት ህብረ ህዋስ ውስጥ ቁጥሩ ወደ አሥርና መቶ ከፍ ሊል ይችላል። እንዲህ ያለውን ብርቅ ነገር የሚፈልግ አንቲቦዲ፣ ተራውን ታይሮሲን በጥቂቱ እንኳ ቢነካ፣ የሚያሳየው ምልክት በሙሉ የተራው ታይሮሲን ሊሆን ይችላል።

ናይትሮታይሮሲን ለአንቲቦዲ ሥራ የተመቸ መሆኑ ግን ዕድል ነው። የበሽታ መከላከያ ሳይንስ ተመራማሪዎች የቢ ህዋሳትን ጠባይ ለማጥናት ለአሥርተ ዓመታት ሲጠቀሙበት የኖሩት ኤንፒ የተሰኘ ትንሽ ሞለኪውል አለ፤ ቀለበቱ ከናይትሮታይሮሲን ቀለበት ጋር አንድ ነው። ሃይድሮክሲልና ናይትሮ ጎን ለጎን የተቀመጡበት ይህ ቀለበት ለብቻው የመከላከያ ሥርዓቱን አይቀሰቅስም፤ ከትልቅ ፕሮቲን ጋር ሲያያዝ ግን አይጥም ጥንቸልም ጠንካራ ምላሽ ይሰጡበታል። ናይትሮታይሮሲንን በአንቲቦዲ መያዝ ይቻላል የሚለው ሐሳብ እንግዲህ ከባዶ የተነሳ አልነበረም። ፕሮቲንን በቤተ ሙከራ ናይትሮ ለማስገባት የሚያገለግለው ቴትራናይትሮሜቴን የተባለ ኬሚካልም ከ1966 ጀምሮ በእጅ ነበር።

የቤክማን ቡድን ያዘጋጃቸው አንቲቦዲዎች መንገድ የከፈቱ ናቸው። ለክትባቱ የተመረጠው ከአንድ የባሕር ቀንድ አውጣ ዓይነት ደም የሚገኘው ሄሞሳያኒን ነበር፤ ከአጥቢ እንስሳት ፕሮቲን እጅግ የራቀ ስለሆነ ለክትባት ይመረጣል። ይህ ፕሮቲን ናይትሮ እንዲገባበት ተደርጎ ለእንስሳቱ ተሰጠ። ከጥንቸል የደም ሴረም ፖሊክሎናል አንቲቦዲ፣ ከአይጥ ደግሞ ኮህለርና ሚልስታይን በ1975 ባስተዋወቁት ዘዴ ሞኖክሎናል አንቲቦዲ ተገኘ። 1ኤ6 በሚል መለያ የሚታወቀው የአይጥ አንቲቦዲ ዛሬም በገበያ ላይ አለ። በ1994 ቡድኑ እነዚህን አንቲቦዲዎች በጠበቡና በደደሩ የሰው የልብ ደም ቧንቧዎች ቁራጭ ላይ ተጠቅሞ፣ ስብ በተሸከሙ ማክሮፌጆች ዙሪያ ሰፊ የናይትሮታይሮሲን ክምችት አሳየ። በዚያው ዓመት ከባድ የሳንባ ጉዳት በደረሰባቸው ሕሙማን ሳንባ ላይም ተመሳሳይ ነገር ታየ። ከዚያ በኋላ ናይትሮታይሮሲን ያልተፈለገበት የሰውነት ክፍል የለም ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው የአሠራር ስልት ደግሞ ሙሉ ፕሮቲንን ናይትሮ ከማስገባት ይልቅ፣ የናይትሮታይሮሲንን ቀለበት የሚመስል ሰው ሠራሽ ቁራጭ ከአልቡሚን ጋር አጣብቆ መከተብ ነው። 39ቢ6 የሚባለው ሞኖክሎናል የተገኘው በዚህ ዓይነት ነው። የሁለቱ ስልቶች ልዩነት የቴክኒክ ዝርዝር ብቻ አይደለም። ናይትሮ በገባበት ሙሉ ፕሮቲን የተከተበ እንስሳ የሚያወጣቸው አንቲቦዲዎች ከቀለበቱ ጋር ጎረቤት የሆኑትን አሚኖ አሲዶችም አብረው ሊያውቁ ይችላሉ፤ በአጭር ቁራጭ የተከተበው ግን ጎረቤት ስለማያገኝ ትኩረቱ ወደ ቀለበቱ ያመዝናል። አንድ አንቲቦዲ የሚያቅፈው ቦታ ከአንድ አሚኖ አሲድ ስለሚሰፋ፣ ናይትሮው በየትኛው ሰፈር እንደ ተቀመጠ የሚታየውን ይወስናል። ስለዚህ ሁለት ጥሩ አንቲቦዲዎች በአንድ ናሙና ላይ ሁለት የተለያዩ የመስመር ስብስቦች ቢያሳዩ ከሁለቱ አንዱ ዋሽቷል ማለት ላይሆን ይችላል፤ እያንዳንዱ የቻለውን አይቷል። ፖሊክሎናል ብዙ ሰፈር ያዳርሳል፣ ነገር ግን ጥንቸሏ ስታልፍ ያው አንቲቦዲ ዳግም አይገኝም። ሞኖክሎናል ከዓመት ዓመት አንድ ዓይነት ነው፣ ዕይታው ግን ይጠብባል።

በተግባር ከሁሉ በላይ የተለመደው ዌስተርን ብሎት ነው። ፕሮቲኖቹ በጄል ላይ በመጠናቸው ተለይተው ወደ ሜምብሬን ይሻገራሉ፤ ከዚያ ሜምብሬኑ በአንቲቦዲው ይታጠባል፤ በመጨረሻም ኢንዛይም የተሸከመ ሁለተኛ አንቲቦዲ ብርሃን እንዲፈጥር ይደረጋል። ለናይትሮታይሮሲን ልዩ የሆነ አንድ ወጥመድ ያለው ጄሉ ሳይጀመር ነው። ናሙናን ዲቲቲ በተባለው አፍራሽ ኬሚካል ማፍላት የዘወትር ልማድ ነው፤ የዲሰልፋይድ ድልድዮችን ይሰብራል። በ1999 ፌሪድ ሙራድ የተሳተፉበት ቡድን እንዳሳየው ግን፣ ናሙናው በደም ውስጥ የሚገኘው ሂም ያለበት ከሆነ፣ ይህ ማፍላት ናይትሮታይሮሲንን ወደ አሚኖታይሮሲን ይለውጠዋል። አሚኖታይሮሲንን ደግሞ አንቲቦዲው አያውቀውም። ደም የበዛበት ናሙና ያዘጋጀ ሰው እንግዲህ የሚፈልገውን ነገር በገዛ እጁ አፍልቶ ሊያጠፋው ይችላል። በተቃራኒው ናይትራይት ያለበትን ናሙና አሲድ ውስጥ መክተት ቀድሞ ያልነበረ ናይትሮታይሮሲን ይፈጥራል። አንዱ ስህተት ባዶ ሜምብሬን፣ ሌላው የሚያስደስት ሜምብሬን ይሰጣል፤ የበለጠ አደገኛው የሚያስደስተው ነው።

ይህ አፍራሽ ኬሚስትሪ ግን ሆን ተብሎ ሲሠራበት ከሁሉ የበለጠው ማረጋገጫ ይሆናል። ፕሮቲኖቹ የተሻገሩበት ሜምብሬን ወይም የህብረ ህዋስ ቁራጭ ሶዲየም ዳይታዮናይት ባለበት፣ ፒኤቹ 9 አካባቢ በሆነ ፈሳሽ ይታከማል፤ ናይትሮው ወደ አሚኖ ይለወጣል። ከዚያ አንቲቦዲው እንደገና ሲጨመር ምልክቱ መጥፋት አለበት። የቀረ መስመር ካለ፣ ያ መስመር ናይትሮታይሮሲን አልነበረም። ዳይታዮናይት በውሃ ውስጥ ቶሎ ስለሚበላሽ በዕለቱ መበጥበጥ ይኖርበታል፤ አሮጌ ዳይታዮናይት ምንም ሳይለውጥ ይቀርና እውነተኛውን መስመር በሐሰት ያስጠረጥራል። ሁለተኛው ማረጋገጫ አንቲቦዲውን ከነፃ ናይትሮታይሮሲን ጋር ቀድሞ ማቆየት ነው፤ እጁ ስለሚሞላ ሜምብሬኑ ላይ የሚጨብጠው አይኖርም። ከተራ ታይሮሲንና ከፎስፎታይሮሲን ጋር ሲቆይ ደግሞ ምልክቱ መቀነስ የለበትም። ጥንቁቅ ቤተ ሙከራ ሁለቱንም ይሠራል። በታተሙ ሥዕሎች ላይ ግን ከሁለቱ አንዱም የማይታይበት ጊዜ ብዙ ነው፤ አንባቢ እንዲህ ያለውን ሥዕል እንደ ፍንጭ እንጂ እንደ ማስረጃ ሊወስደው አይገባም።

ብዙዎች የሚያስቀምጡት ማነጻጸሪያ ናይትሮ የገባበት የከብት አልቡሚን ነው። ይህ አንቲቦዲው መሥራቱን ያሳያል፤ ከዚያ አያልፍም። በአንድ ሞለኪውል ላይ ብዙ ናይትሮ የተጫነበትን አልቡሚን ማየት የቻለ አንቲቦዲ፣ ከመቶ ሺህ አንዱ የተለወጠበትን ፕሮቲን ለማየቱ ዋስትና የለም።

በህብረ ህዋስ ቁራጭ ላይ የሚሠራው ቅለማ ጥቅሙ ቦታን ማሳየቱ ነው፤ የትኛው ህዋስ፣ በቁስሉ መሃል ወይስ በዳሩ። ጉድለቱ የትኛው ፕሮቲን እንደሆነ አለመናገሩ ነው። ይህን ክፍተት ለመሙላት በአንቲቦዲው ፕሮቲኑን ከድብልቁ ጎትቶ ማውጣት የሚባለው ዘዴ መጣ። ዝነኛው ምሳሌ በ1996 የወጣው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ጥናት ነው። ሰውነት ቀስ በቀስ እየገፋቸው ባሉ የተተከሉ ኩላሊቶች ውስጥ፣ የማይቶኮንድሪያው ሱፐርኦክሳይድ ዲስሙቴዝ ናይትሮ ገብቶበትና ሥራውን አጥቶ ተገኘ። ሱፐርኦክሳይድን ማስወገድ የነበረበት ኢንዛይም ራሱ የሱፐርኦክሳይድ ውላጅ ሰለባ መሆኑ ነው። አንቲቦዲ ጎትቶ የሚያወጣው ግን ናይትሮ የገባበትን ፕሮቲን ብቻ ሳይሆን አብሮት የተጣበቀውን ጤነኛ ፕሮቲንም ስለሆነ፣ ሥራው ከሁለቱም ወገን መሞከር አለበት፦ በናይትሮታይሮሲን አንቲቦዲ ጎትቶ በፕሮቲኑ አንቲቦዲ ማየት፣ ከዚያም በፕሮቲኑ ጎትቶ በናይትሮታይሮሲን ማየት።

ብዙ ፕሮቲን በአንድ ጊዜ ለመፈለግ የተሞከረው በጄል ላይ በሁለት አቅጣጫ መለየት ነው። በ2001 በክሊቭላንድ የተሠራ ሥራ በዚህ መንገድ፣ አንቲቦዲው ከያዛቸው ነጥቦች ተነስቶ ከ40 በላይ ፕሮቲኖችን በማስ ስፔክትሮሜትሪ ለየ። ዘዴው ሰፊ በር ከፈተ፤ በውስጡ ያለው ደካማ ቦታ ግን ብዙ ተከታዮችን አሳስቷል። አንቲቦዲው የጠቆመው ነጥብ ከጄሉ ተቆርጦ ሲመረመር በዚያ ነጥብ ውስጥ በብዛት ያለው ፕሮቲን ስሙን ይሰጣል፤ ናይትሮ የገባበት ግን ከሥሩ የተደበቀ፣ በመጠን ያነሰ ሌላ ፕሮቲን ሊሆን ይችላል። ናይትሮውን የያዘው ቁራጭ ራሱ በማስ ስፔክትሮሜትሩ እስካልታየ ድረስ ስሙ ግምት ነው። ማልዲ በሚባለው ዓይነት መሣሪያ ደግሞ ሌዘሩ ናይትሮ ቡድኑን ይሰባብረዋል፤ በሚጠበቀው 45 ዳልተን ቦታ ላይ 16፣ 30 ወይም 32 የጎደለባቸው ጭፍሮች ይታያሉ። ይህን የማያውቅ መርማሪ ያገኘውን ሳያውቀው ያልፋል፤ የሚያውቅ ግን ይህንኑ የመሰባበር መልክ እንደ ፊርማ ይጠቀምበታል።

አንድን ቦታ ብቻ የሚያውቁ አንቲቦዲዎች የመጡት ከዚህ ድካም በኋላ ነው፤ የዘርፉም ምርጥ ውጤቶች እዚህ ናቸው። አልፋ ሲኑክሊን አራት ታይሮሲን ያለው የአንጎል ፕሮቲን ነው። በ2000 በፔንሲልቬንያ የነበረ ቡድን ናይትሮ የገባበትን አልፋ ሲኑክሊን ብቻ የሚይዙ አንቲቦዲዎችን ሠርቶ፣ በፓርኪንሰን ሕሙማን አንጎል ውስጥ ባሉት የሌዊ ጓሎች ላይ ናይትሮ የገባበት ሲኑክሊን መከማቸቱን አሳየ። ከአልዛይመር ጋር የተያያዘው አሚሎይድ ቤታ ደግሞ ያለው አንድ ታይሮሲን ብቻ ነው፣ አሥረኛው። በ2011 የወጣ ሥራ በዚህ ቦታ ላይ ናይትሮ ሲገባ ፕሮቲኑ በፍጥነት እንደሚጓጎል፣ ለቦታው የተሠራው አንቲቦዲም የጓሉን እምብርት እንደሚቀልም አቀረበ። ኤችኤስፒ90 በተባለው ረዳት ፕሮቲን ላይ ደግሞ በ56ኛው ታይሮሲን ናይትሮ የገባበትን ብቻ የሚያውቅ ሞኖክሎናል ተሠርቶ፣ ኤኤልኤስ በሚባለው የነርቭ በሽታ በተጎዱ የእንቅስቃሴ ነርቮች ውስጥ ምልክቱ ታይቷል። እንዲህ ያለ አንቲቦዲ ሁለት ጥያቄ በአንድ ጊዜ ይመልሳል፣ የትኛው ፕሮቲንና የትኛው ቦታ። ዋጋው ግን ለእያንዳንዱ ቦታ እንደ አዲስ መሠራቱ ነው። ሲሠራም በናይትሮ ቁራጭ ከተከተበው እንስሳ የመጣው ሴረም፣ ተራው ቁራጭ በተለጠፈበት ዓምድ ውስጥ አልፎ ተራውን የሚያውቁት አንቲቦዲዎች መጣራት አለባቸው።

ከሕክምና ውጭም እነዚህ አንቲቦዲዎች ያልተጠበቀ ሥራ አግኝተዋል። በሙኒክ የነበሩ የአየር ኬሚስትሪ ተመራማሪዎች በ2004 የናይትሮታይሮሲን አንቲቦዲዎችን አነጻጽረው የመለኪያ ዘዴ አዘጋጁ፤ በሚቀጥለው ዓመትም በመኪና ጭስ በተበከለ አየር ውስጥ ያሉት ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድና ኦዞን ፕሮቲን ላይ ናይትሮ እንደሚያስገቡ፣ በርች ከተባለው ዛፍ ብናኝ የሚገኘው ዋና የአለርጂ ፕሮቲንም ለዚሁ እንደሚጋለጥ አሳዩ። በከተሞች አለርጂ ለምን እንደሚበዛ ለሚጠይቁ ሰዎች ይህ ከባድ ፍንጭ ነው። ትሪፕቶፋን በተባለው ሌላ አሚኖ አሲድ ላይ የሚገባውን ናይትሮ የሚለዩ አንቲቦዲዎችም ተሠርተዋል፤ አጠቃቀማቸው ግን ከናይትሮታይሮሲኖቹ ጋር አይወዳደርም።

መጠንን በአንቲቦዲ መለካት ከመፈለግ ይልቅ የሚከብድ ጉዳይ ነው። በገበያ ላይ ያሉት፣ ኤላይዛ የተባለውን በአንቲቦዲ የመለኪያ ዘዴ የያዙ ሳጥኖች ናይትሮ የገባበትን አልቡሚን እንደ መለኪያ ይዘው፣ የናሙናውን ምልክት በዚያ ይተረጉማሉ። የናሙናው ፕሮቲኖች ግን አልቡሚን ብቻ አይደሉም፤ አንቲቦዲውም ሁሉንም ሰፈር በእኩል አያይም። ለዚህ ነው በኤላይዛ የተዘገቡ የደም መጠኖች በጋዝ ክሮማቶግራፊና በማስ ስፔክትሮሜትሪ ከተለኩት እጅግ ከፍ ብለው የሚገኙት፤ ከቤተ ሙከራ ቤተ ሙከራም በብዙ እጥፍ የሚለያዩት። በአንድ ጥናት ውስጥ፣ በአንድ ሳጥን የሁለት ቡድኖችን ናሙና ማወዳደር ይቻል ይሆናል። የአንዱን ጥናት ቁጥር ከሌላው ጥናት ቁጥር ጋር ማስተያየት ግን ትርጉም የለውም።

በ2016 አንድ ዓለም አቀፍ የተመራማሪዎች ቡድን አንቲቦዲን ለማረጋገጥ አምስት መንገዶችን አቀረበ። ከእነዚህ የመጀመሪያው ዘረመልን አጥፍቶ ምልክቱ መጥፋቱን ማየት ነው። ለናይትሮታይሮሲን ይህ በቀጥታ አይሠራም፤ ናይትሮን የሚያዝ ዘረመል የለምና። የሚቀርበው ምትክ ታይሮሲኑን በፌኒልአላኒን መተካት ነው፤ ፌኒልአላኒን ሃይድሮክሲል ስለሌለው በዚያ ቦታ ናይትሮታይሮሲን ሊፈጠር አይችልም፣ የቦታው አንቲቦዲም ዝም ማለት አለበት። ለጠቅላላው አንቲቦዲ ደግሞ የሚቀሩት ዳይታዮናይቱና በሌላ ዘዴ ማመሳከሩ ናቸው።

ከሁሉ የተሻለው ማመሳከሪያ ቁስ የተገኘው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በ2008 የወጣ ሥራ የባክቴሪያን የፕሮቲን ማምረቻ አስተካክሎ፣ ናይትሮታይሮሲን በተመረጠ አንድ ቦታ ላይ ብቻ እንዲገባ አደረገ፤ በኬሚካል ማርከፍከፍ ሳይሆን በዘረመል ትእዛዝ። በዚህ መንገድ የተሠራው የማይቶኮንድሪያ ሱፐርኦክሳይድ ዲስሙቴዝ በዚያ አንድ ቦታ ናይትሮ በመያዙ ብቻ ሥራውን አጣ። ለአንቲቦዲ ሥራ ይህ የሚሰጠው ጥቅም ግልጽ ነው። ናይትሮው በሙሉ የገባበት ፕሮቲን ከተራው ጋር በሚታወቅ ድርሻ፣ ለምሳሌ አንድ ከመቶ ወይም አንድ ከሺህ፣ ተደባልቆ በዚያው ሜምብሬን ላይ ከናሙናው አጠገብ ሊሮጥ ይችላል። አንቲቦዲው የት ላይ ማየት እንደሚያቆም በዚያ ይታወቃል፤ የናሙናው መስመርም ስንት ከመቶ እንደሆነ ለመገመት የሚያስችል መሰላል ይገኛል። እንዲህ ያለ መሰላል በሌለበት ፕሮቲን ላይ የብሎት መስመር የሚሰጠው መልስ ናይትሮው መኖሩንና ከጎኑ ካለው ናሙና መብዛት ማነሱን ነው፤ ቦታውንና ድርሻውን ለመናገር ናሙናው ወደ ማስ ስፔክትሮሜትር ይሄዳል።